«ጊዜዋ ሲደርስ ታነባለች»

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች እናት እጇን አወጣች። ልጇ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ከስሟ በቀር አታነብም። ርዕሰ መምህሩ «አይዞሽ፣ የዕድሜ ደረጃዋ ገና ነው፤ ጊዜዋ ሲደርስ ታነባለች» አሏት። እናትየዋ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «የእንጀራዬን ሂሳብ እኮ የምትይዘው እሷ ናት» አለችኝ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ደረጃ የሚባለው ከየት እንደመጣ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ የገዛ ሦስት ልጆቹን ጭምር እየተከታተለ የልጅ አስተሳሰብ በአራት ደረጃ ያድጋል አለ፤ ኮሌጆቻችንም ሰባት ዓመት፣ አሥራ አንድ ዓመት እያሉ ያሸመድዱታል። በሌላው ዓለም ግን ጥያቄ ከተነሣበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ የፒያዤን የውሃ ሙከራ ሴኔጋል ውስጥ ለወሎፍ ልጆች አቀረበች። ውሃውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ትልቅ ሰው ሲገለብጠው መጠኑ የተለወጠ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ፤ ልጆቹ ራሳቸው እንዲገለብጡት ሲደረግ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡት በዙ። በብራዚሏ ሬሲፌ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ ገበያ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆች ከሽያጭ ሂሳባቸው 98 በመቶውን በትክክል ሲሠሩ፣ ያንኑ ስሌት ወረቀት ላይ ሲጠየቁ ያገኙት 37 በመቶውን ብቻ ነው። የእነዚህ ልጆች ደረጃ የትኛው ነው?

እኛም ዘንድ ጥርሱን ሳይነቅል ዳዊት የሚያነብ ልጅ ብርቅ አልነበረም። የየኔታ አለንጋ ቀርቶ ይቅር፤ ልጁን ለብቻው አቅርቦ ማስነበቡ ግን መቅረት አልነበረበትም።

ከሃያ ዓመት በላይ ታች ክፍል ያስተማሩ መምህርት ነገሩን እንዲህ ያዩታል፦ «ኮሌጅ ፈተና ላይ አራቱን ደረጃዎች ዘርዝሪ ተብያለሁ። የማታነብ ልጅ የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመች እንዴት እንደማውቅ ግን ማንም አላሳየኝም። ክፍሌ ውስጥ የሰባት ዓመትም የአሥራ ሁለት ዓመትም ልጅ አለ፤ ለየትኛው ደረጃ ላስተምር? ‹ገና ነው› ማለት ይቀለናል። ወላጅም ያምነናል።»

የመምህራን ሥልጠና የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ይህን ብጠይቃቸው «የባለሙያ ጉዳይ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በነበረው ነፃ ዝውውር ልጆች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሳይወድቁ አልፈዋል። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አራተኛ ክፍል ላይ ሌላውም ትምህርት በንባብ ነው የሚመጣባቸው።

መምህርቷ አሁን በየቀኑ አምስት ስድስት ልጅ ጠረጴዛቸው አጠገብ ጠርተው ያስነብባሉ፤ የቀረው ከሰሌዳ ይገለብጣል። «ሱፐርቫይዘሩ ‹ይሄ በዕቅድሽ የለም› አለኝ» ይላሉ። «ዕቅዱ ውስጥ ይግባ አልኩት።»