አንድ ዶላር ስንት ጊዜ ይበላል?

ማዕከላዊ ባንክ ወዳጅ የለውም። ንግድ ባንክ ቢያንስ በዓመት አንዴ ካላንደር ይሰጣል፤ የማዕከላዊ ባንክ ስም ግን የሚነሣው ዶላር ሲጠፋ፣ ኑሮ ሲወደድ ወይም ኖት ሲቀየር ነው። እኔ ተቋሙን እወደዋለሁ። ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚበላው ደግሞ ነዳጅ ሸጦ የሚያድር ደሃ አገር ማዕከላዊ ባንክ ነው። ሌሎች ደግሰው ይበላሉ፣ እሱ ዕቃ ያጥባል፤ በዚያ ላይ ደጋሹ እሱ ነው ተብሎ ይሰደባል። ዛሬ የናይጄሪያውን ላስተዋውቅዎ።

መነሻው አጭር ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከ1912 ጀምሮ የናይጄሪያን ገንዘብ የሚያወጣው ለንደን የተቀመጠ የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ሥራ የጀመረው በ1959 ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ኦሎይቢሪ በምትባል መንደር የተገኘው በ1956፣ የመጀመሪያው ጭነት ወደ ውጭ የወጣው በ1958 ስለሆነ ባንኩና ነዳጁ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ናይራ ፓውንድን የተካው በ1973 ሲሆን፣ ዓመቱ ሳያልቅ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። ኖት ማሳተሙ፣ ባንኮችን መቆጣጠሩ፣ የመንግሥትን ሒሳብ መያዙ እንደ ማንኛውም አገር ነው፤ አልፈዋለሁ። የማላልፈው ሌላ ነገር አለ።

በ2018 ኦጋዴን ውስጥ የሙከራ ድፍድፍ መውጣት ጀመረ የተባለ ሰሞን፣ መርካቶ የሚነግዱ አጎቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር።

«እንግዲህ ዶላሩ መጣ በለኝ» አሉ። «ብርም ሊጠነክር ነው።»

«ዶላሩ የት ነው የሚገባው፣ ጋሼ?»

«ባንክ ነዋ! የት ሊገባ ኖሯል?» አሉኝ፣ የተማርኩበትን ዓመት ሁሉ በዓይናቸው እየቆጠሩ።

አገር ነዳጅ ከሸጠ ዶላሩ ባንክ ውስጥ ይከመራል፣ መንግሥትም ሲቸግረው ከክምሩ እያነሣ ይሠራበታል፤ የአጎቴ ሥዕል ይህ ነው። ሌጎስ ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ አቡጃ ያለ የምክር ቤት አባልም ሳይቀር፣ ብዙ ጊዜ የሚስለው ይህንኑ ነው።

እስቲ ነገሩን ወደ ቤት እናምጣው። እኅትዎ ከሪያድ 500 ዶላር ላከችልዎ እንበል። ባንክ ሄዱ፣ በብር ተቀበሉ፣ ቆርቆሮ ገዙ፣ ጣሪያው ተመታ። በሳምንቱ ተመልሰው «ያ 500 ዶላር እዚሁ እንዳለ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ በርና መስኮት ላሠራበት ነውና ስጡኝ» ቢሉ ገንዘብ ከፋይዋ ምን ትልዎታለች? ዶላሩ እውነትም አለ። የእርስዎ ግን አይደለም። ሸጠውታል፤ ዋጋውም ጣሪያዎ ላይ ተቸንክሯል።

የናይጄሪያ መንግሥት ነዳጅ ሲሸጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከነዳጅ ኩባንያዎች የሚሰበሰበው ግብርና ሮያሊቲ በዶላር ይከፈላል። ዶላሩ አገር ቤት አይገባም፤ በማዕከላዊ ባንኩ ስም ውጭ አገር ባለ ባንክ ይቀመጣል። የካኖ መምህር ግን ደመወዙን በናይራ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኩ ዶላሩን ለራሱ ያስቀርና የናይራ አቻውን በመንግሥት ሒሳብ ላይ ይጽፋል። ልብ ይበሉ፣ ይጽፋል ነው ያልኩት። ለቆርቆሮው የተቀበሉት ብር ቀድሞም ባንክዎ ዘንድ የነበረ ነው። ይህኛው ናይራ ግን ከዚያች ደቂቃ በፊት የትም አልነበረም። ማዕከላዊ ባንክ ሲጽፈው ተወለደ።

አንዷ በርሜል እንግዲህ በባንኩ መዝገብ ሁለት ቦታ ትታያለች፤ በግራ ዶላር ሆና፣ በቀኝ ናይራ ሆና። «የውጭ ምንዛሬ ክምችት» እያልን የምንጽፈው የግራውን ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን ልቆጣ። «አገሪቱ ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር አስቀምጣ መንገዷ ይፈርሳል» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር ሻዬ ይቀዘቅዛል። ያ ዶላር እኮ በናይራ ተለውጦ፣ ለመንገድ ተብሎ ተበጅቶ፣ አንዴ ወጥቷል። መንገዱ ካልተሠራ የሚጠየቀው ናይራውን የተረከበው ነው። ዶላሩን ደግመን እናውጣው ማለት አንዱን ዶላር ሁለት ጊዜ እንብላው ማለት ነው። እርግጥ ከክምችቱ ውስጥ በብድር የተገኘ፣ የውጭ ባለሀብት ለወለድ ብሎ ያመጣውም አለበት። እሱ ደግሞ ይብሳል፤ ጭራሽ የሰው ነው። ያሳሳተን «ክምችት» የሚለው ቃል ይመስለኛል፤ ጎተራ ያስመስለዋል። ጎተራው አለ፣ እህሉ ላይ ግን ደረሰኝ ተቆርጦበታል።

የተወለደው ናይራ የት ይሄዳል? ወደ ቅርጫ። በየወሩ የፌዴራሉና የ36ቱ ግዛቶች የፋይናንስ ሹማምንት የጋራውን ገቢ ይከፋፈላሉ። ኮሚቴውን በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «ፋክ» ይሉታል። ከነዳጁ ገቢ 13 በመቶው ቀድሞ ለአምራች ግዛቶች ይነሣል። ከቀሪው 52.68 በመቶው ለፌዴራሉ፣ 26.72 በመቶው ለግዛቶች፣ 20.60 በመቶው ለ774ቱ የአካባቢ አስተዳደሮች ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳነብ የፋሲካ ዋዜማ ቅርጫ ይመጣብኛል፤ ሁሉም መደቡን ያያል፣ ማንም በሬውን ማን እንደቀለበው አይጠይቅም።

ለስብሰባ አዲስ አበባ የመጣ አንድ የሌጎስ ባንክ ሠራተኛ እንዳጫወተኝ፣ የክፍፍሉ ገንዘብ የሚለቀቅበትን ቀን የማያውቅ የባንክ ገንዘብ አዘዋዋሪ የለም። ገንዘቡ ሲለቀቅ ባንኮች በናይራ ይጥለቀለቃሉ፤ አንዱ ባንክ ለሌላው ለአንድ ሌሊት የሚያበድርበት ወለድ ይወርዳል። ቀጥሎ ናይራው ሲሚንቶ፣ መኪና፣ ስንዴ፣ የልጅ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ክፍያ ፍለጋ ይወጣል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በዶላር የሚገዙ ናቸው። ዶላር የወለደው ናይራ ተመልሶ እናቱን ያሳድዳል።

የእኔ ጀግና መጥረጊያውን ይዞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ለባንኮች አጫጭር የዕዳ ሰነድ ሸጦ ናይራውን መልሶ ይሰበስባል፣ ለዚያም ወለድ ይከፍላል። አልበቃ ሲለው ባንኮች ከተቀማጫቸው እሱ ዘንድ አስረው የማይነኩትን ድርሻ ከፍ ያደርጋል። በ2024 ይህ ድርሻ ለንግድ ባንኮች 50 በመቶ ደረሰ፤ ሰው ካስቀመጠው 100 ናይራ 50ው ታስሯል ማለት ነው። መሪው ወለድ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ 27.5 በመቶ ነበር። አባ በምትባለው የደቡብ ምሥራቅ ከተማ ጫማ የሚሠራ ባለሙያ ቆዳ ለመግዛት በስንት እንደሚበደር ያስቡት። ቅርጫው ላይ መደብ አልነበረውም፤ የመጥረጊያውን ዋጋ ግን እሱም ይከፍላል።

ዱሮ መጥረጊያም ያስፈልጋል ያለ አልነበረም። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት ማግሥት፣ በ1974 መጨረሻ፣ ኡዶጂ በሚባል ኮሚሽን ሐሳብ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ተጨመረ፤ ውዝፉም ጭምር ተከፈለ። በ1975 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። በዚያው ዓመት መንግሥት ካዘዘው 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ከፊሉ ሌጎስ ወደብ ደረሰ፤ ወደቡ የታዘዘውን ሁሉ ለማራገፍ ዓመታት ይፈጅበት ስለነበር በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች ባሕር ላይ ቆመው የመዘግያ ክፍያ ይቆጥሩ ጀመር። ከሲሚንቶው ብዙውን እርጥበት አበላሸው። በዶላር ተገዝቶ፣ በዶላር ቆሞ፣ ድንጋይ ሆነ።

ሁለቴ የመብላቱን ነገር ከሥሩ ለማረም የሞከረ ገዢ ነበር። (ገዢ የምለው የባንኩን የበላይ ኃላፊ ነው፤ ናይጄሪያ ውስጥ የግዛት አስተዳዳሪውም ገዢ ስለሚባል ግራ እንዳይገባዎ።) ፕሮፌሰር ቹኩማ ሶሉዶ በ2004 ተሾሙ። ሰው የሚያስታውሳቸው 89 ባንኮችን አዋህደው 25 በማድረጋቸው ነው። እኔ የማስታውሳቸው በነሐሴ 2007 ባወጡት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ከያዛቸው ነገሮች ሁለቱን ልንገርዎ። አንዱ ከናይራ ላይ ሁለት ዜሮ መቁረጥ ነበር፤ ጋዜጣው ሁሉ የተረባረበው እሱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ማንም ልብ አላለውም። የቅርጫው አንድ ክፍል ለግዛቶች በናይራ ሳይሆን በዶላር ይሰጥ ይላል።

ይህ ለምን እንደሚያምር ይመልከቱት። ግዛቱ ዶላሩን ተቀብሎ መምህር ለመክፈል ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል። ዶላሩን የሚገዛው፣ ለምሳሌ ማሽን የሚያስመጣ ነጋዴ፣ የሚከፍለው ናይራ ቀድሞ ያለ ናይራ ነው። አዲስ የሚወለድ የለም፣ የሚጠረግም የለም። ዶላሩም አንድ ጊዜ ብቻ ተበላ። በእርግጥ ዶላር በእጁ የገባለት የግዛት ሹም ሁሉ ገበያ ይወስደዋል ብዬ አልምልም፤ ለንደን ቤት የሚገዛበትም አይጠፋም ነበር። ቢሆንም ሐሳቡ ሊመከርበት ይገባ ነበር። አልተመከረበትም። መንግሥት ፈቃድ አልተጠየቅኩም አለ፤ ዕቅዱ በዚያው ወር ታገደ።

ዶላሩ ሳይመጣ ሲቀር ቀድሞ የሚያየውም ይኸው ባንክ ነው፤ በሩ እሱ ጋ ነውና። ከሶሉዶ ቀጥሎ የተሾሙት ላሚዶ ሳኑሲ በ2013 ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከነዳጅ ሽያጭ ሊገባ የሚገባው ቢሊዮኖች ዶላር አልገባም የሚል። በየካቲት 2014 ጉድለቱ 20 ቢሊዮን ዶላር ነው አሉ። በዚያው ወር ከሥራ ታገዱ። በሰኔ የካኖ ኤሚር ሆኑ። በ2020 ከዙፋን ወረዱ፣ በ2024 ተመለሱ። የባንክ ሰው ሕይወት ደረቅ ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

ጀግናዬ ቅዱስ አይደለም። የነዳጅ ገቢ ሲያንስ ዶላር በሌለበትም ለመንግሥት ናይራ ጽፏል፤ በግራ በዶላሩ ፈንታ የመንግሥት ዕዳ ብቻ ተጻፈ፣ በቀኝ ግን ናይራው ሞላ። የባንኩ ሕግ እንዲህ ያለው ብድር ካለፈው ዓመት የመንግሥት ገቢ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። በ2023 ምክር ቤቱ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ እንዲዛወር ያጸደቀው 22.7 ትሪሊዮን ናይራ ነው። አምስት በመቶ የትና ይህ የት!

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ባንኩ ባለ 200፣ ባለ 500 እና ባለ 1000 ናይራ ኖቶችን ቀይሮ አሮጌውን ሰብስቦ፣ አዲሱን ግን በበቂ አላደረሰም ነበር። ሌጎስ ነበርኩ። ሆቴሉ በር ላይ ምንዛሬ የሚሠራ ሰው አለ፤ እንዲህ ያሉትን «አቦኪ» ይሏቸዋል፣ በሐውሳ ወዳጅ ማለት ነው። 100 ዶላር ሰጠሁት። ናይራውን በባንክ ሒሳብ ከላከልኝ አንድ ዋጋ፣ በእጄ ከሰጠኝ ሌላ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ነገረኝ። ናይራ በናይራ ይመነዘር ነበር ማለት ነው። ከጎኔ ቆማ የነበረች ብርቱካን ሻጭ ባዶ መሀረቧን ዘርግታ አሳየችን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት አሮጌው ኖት ይሠራል እስኪል እንዲህ ሆነ። በሰኔ የተለያዩት የምንዛሬ ተመኖች አንድ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ናይራ ወረደ፤ በታኅሣሥ 2024 የዋጋ ንረቱ 34.8 በመቶ ተመዘገበ።

አጎቴ አሁንም ኦጋዴንን ይጠይቁኛል። የእኅትዎን 500 ዶላር ምሳሌ የነገርኩት መጀመሪያ ለእሳቸው ነበር። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ባንኩ አይመልስልኝም?» አሉ።

ሶሉዶ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የአናምብራ ግዛት ገዢ ናቸው። የግዛታቸው ድርሻ በየወሩ ከአቡጃ ይደርሳቸዋል፤ በናይራ።