የቦታ ስም በመዝገብ፤ ስለ ሰቆጣና ስለ ኽምራ አጻጻፍ

የቦታ ስሞችን መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ስሙ በየትኛው ፊደል ይግባ የሚለው ነው። ሰቆጣን እንውሰድ። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ኢጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጡት የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያ ከተማይቱ በላቲን ፊደል ተመዝግባለች። በዚያ አጻጻፍ «ቀ» ከ«ከ»፣ «ጠ»ም ከ«ተ» ስለማይለይ፣ መልሶ ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ሰው «ሶኮታ» ይላል። ስሕተቱ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ ውስጥ አንዲቱ ከተማ ሁለት ትሆናለች፤ የርስት ወይም የደብር ታሪክ ፈላጊም ግማሹን ብቻ አግኝቶ ይመለሳል።

የ«ኽምራ» ነገር ከዚህ ይብሳል። አገሬው በኽምጣና ቋንቋ ከጉሮሮው የሚያወጣውን ድምፅ የሚቀርበው «ኽ» ነው፤ አንዳንዱ ግን «ህምራ» ብሎ ይጽፋል፤ የውጭ ሊቃውንትም ሕዝቡን «ኻሚር» ሲሉት ኖረዋል። በእኛ አስተያየት ዋናው ቃል የአገሬው አጠራር ሊሆን ይገባል፤ የቀሩት ከነዘመናቸው በሥሩ ይጠቀሱ እንጂ አይሰረዙ። «ዋግሹም» ግን የማዕረግ ስም እንጂ የቦታ ስም ስላልሆነ በ«ዋግ» ሥር ይጠቆም።