«አልጋ ያዝን» ስንል

ሆቴል ስናድር «አልጋ ያዝን» እንላለን። ከመንገድ የገባ እንግዳም መጀመሪያ የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው። ከምንከፍለው ገንዘብ ውስጥ ግን የአልጋው ድርሻ ትንሽ ነው። ይህን በደንብ የተረዳሁት ሐዋሳ ላይ ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ደረስኩ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ቁልፍ አውጥታ «አይተው ይምረጡ» አለችኝ። ሁለቱም ክፍሎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። አልጋው፣ መጋረጃው፣ ሻወሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የአንዱ መስኮት ሲከፈት ሐይቁና ዳር ዳሩን የቆሙት አባ ኮዳዎች ይታያሉ። የሌላው ሲከፈት የመኪና ማቆሚያው ነው። ዋጋቸው ግን እኩል አልነበረም፤ ልዩነቱ በሙሉ የመስኮቱ ዋጋ ነበር።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሼርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ያብራራው ይህንኑ ዓይነት ነገር ነው። አንድ ዕቃ የብዙ ባሕርያት ጥቅል ነው፤ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ለብቻው ዋጋ ባይለጠፍም፣ የብዙ ዕቃዎችን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመዛዘነ የእያንዳንዱን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት ይችላል። ችግሩ በሆቴል ዓለም ባሕርያቱ ተያይዘው መምጣታቸው ነው። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል አብዛኛውን ጊዜ ሊፍትም፣ ሰፊ ክፍልም፣ ጥሩ ቁርስም አለው፤ ዋጋውን ያስወደደው የትኛው እንደሆነ በቀላሉ አይለይም። የሐዋሳዎቹ ሁለት ክፍሎች ግን ከመስኮታቸው በቀር ልዩነት ስላልነበራቸው ነገሩን ጥርት አድርገው አሳዩኝ።

የሆቴል ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የሚመስለኝ ነገር አለ፤ ጎረቤት ሊገዛው የሚችል ነገር ለረጅም ጊዜ ዋጋ አያስጨምርም። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ጀነሬተር ያለው ሆቴል ጀነሬተሩን እንደ ትልቅ ነገር ያስተዋውቅ ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉም ገዛ። ዛሬ ጀነሬተር አለኝ ብሎ ዋጋ የሚጨምር የለም፤ የሌለው ግን እንግዳ ያጣል። የውሃ ሮቶውም፣ ሙቅ ውሃውም፣ ዋይፋዩም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ማስወደጃ ነበሩ፣ ኋላ ግዴታ ሆኑ።

ጎረቤት ሊገዛው ለማይችለው ነገር ደግሞ የአዲስ አበባው ሂልተን ጥሩ ማሳያ ነው። ሆቴሉ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የመዋኛ ገንዳው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የሚያስታውስ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ውሃው ደግሞ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ፍልውሃ ነው። የመስቀሉን ቅርጽ ማንም ኮንትራክተር መኮረጅ ይችላል። ፍልውሃውን ግን ቦሌ ወስዶ ማፍለቅ አይቻልም። ስናየው የሆቴሉ አገልግሎት የመሰለን ነገር ሥሩ ሲመረመር የቦታው ሀብት ሆኖ ይገኛል።

ስለ ቦታ ሲነሳ «መሀል ከተማ ውድ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ርቀት አይወስድም። ርቀቱ የሚለካው እንግዳው ከመጣበት ጉዳይ ነው። ሌሊት ለሚበር ተጓዥ መሀል ከተማው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ወደተሠራበት ግቢ ለስብሰባ ለሚመጣ ባለሙያ ደግሞ ካዛንቺስ ነው። ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊያወርድ ለመጣ ነጋዴ አውቶቡስ ተራን የሚያህል ቦታ የለም፤ በማለዳ መርካቶ መሀል ይገኛል። ታዲያ የአውቶቡስ ተራ አልጋ ለምን እንደ ቦሌው አልተወደደም? ቦታው ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ሆኖ አይደለም። የቦሌውን እንግዳ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ነጋዴው ግን የሚከፍለው ከትርፉ ቀንሶ ነው። ቦታ የሚያወጣው ዋጋ የከፋዩን ኪስ አይዘልም።

ቀኑም የራሱ ዋጋ አለው። ዛሬ ማታ ያልተያዘ ክፍል ነገ አይሸጥም፤ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ የተሻለ ገበያ አይጠብቅም። በባዶ ወቅት እንግዳ ተቀባዮች ለመደራደር የሚፈቅዱት ለዚህ ነው፤ ለአንድ ተጨማሪ እንግዳ የሚወጣው ወጪ ከአንሶላ እጥበትና ከቁርስ ብዙም አያልፍም። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ግን የድርድሩ በር ይዘጋል።

ላሊበላ ላይ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በአዘቦት ቀን ክፍልን ከክፍል የሚያበላልጠው ወደ ገደሉና ወደ ሸለቆው የሚያይ በረንዳ ነው። የገና ሰሞን ሲደርስ በረንዳው ይረሳል፤ እንግዳው ሌሊቱን ቤተ ማርያም ደጃፍ ስለሚያሳልፍ የሚፈልገው በእግሩ ደርሶ ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ሙቅ ውሃ የሌለው ክፍልም በሙቅ ውሃ ዋጋ ይያዛል። ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምእመን ደግሞ ከገበያው ውጭ ነው፤ ነጠላውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ ያድራል። የገናን ዋጋ ስግብግብነት ብቻ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በኮሮና ከዚያም በጦርነት ባዶውን የከረመ ሆቴል የዘበኛውን ደመወዝ የሚያገኘው ከእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች ነው። የሚያሳዝኑኝ ቀድሞ ክፍል የያዘውን እንግዳ በዋዜማው ዋጋ ጨምሩ የሚሉት ናቸው፤ ያ ቃል ማፍረስ ነው እንጂ ገበያ አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ሁለቱን ቁልፎች ይዤ ትንሽ አሰብኩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ ሐይቁ ሳይታይ መነሳት ነበረብኝ። የሐይቁን ቁልፍ ለልጅቷ መለስኩላትና የመኪና ማቆሚያውን ክፍል ያዝኩ።