«ኢንዱስትሪ»፣ «ዘርፍ» እና «የሥራ መስክ»

በእንግሊዝኛ «ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። በጠባቡ ፍች የማዕድን፣ የፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክና ውሃ እንዲሁም የግንባታ ሥራን፣ በሰፊው ደግሞ ማናቸውንም የኢኮኖሚ ሥራ ያመለክታል። አማርኛ ቃሉን የተዋሰው በአመዛኙ በጠባቡ ፍች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ምደባ ግን በስሙ የያዘው ሰፊውን ነው።

ለምሳሌ ላንጋኖን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው አራተኛ እትም መሠረት ከሐይቁ ቆሮሶ የሚያሰግረው ሰው ከግብርና፣ ዓሣውን አዘጋጅቶ የሚያሽገው ድርጅት ከፋብሪካ ምርት፣ ጠብሶ ለእንግዳ የሚያቀርበው ሆቴል ከማረፊያና ምግብ አገልግሎት ይመደባል። ዓሣው አንድ ሲሆን ምድቡ ሦስት የሆነው፣ መለኪያው የሚከናወነው ሥራ እንጂ ዕቃው ወይም ባለቤትነቱ ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ «የሆቴል ኢንዱስትሪ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ በአገራችን ብሔራዊ ሒሳብ ከአገልግሎት የሚቆጠረውን ሥራ በስም ብቻ ወደ ሌላ ዓምድ ያዛውረዋል፤ የሠንጠረዡንም አንባቢ ያሳስታል። ስለዚህ ግብርና፣ ኢንዱስትሪና አገልግሎት ለተባሉት ታላላቅ ክፍሎች «ዘርፍ»፣ በሥራቸው ለሚዘረዘሩት «የሥራ መስክ» ማለት፣ «ኢንዱስትሪ»ንም ለጠባቡ ፍች ብቻ መተው ይበጃል።