ስለ ጣሪያ አግዳሚ ጥቅም

በጎንደር ፒያሳ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፥ ከተሠሩት ሕንጻዎች አለፍ ሲባል ባለቤቱ ራሱ የሚያቆመው የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ይገኛል። እንጨት ለመቆጠብ ሲል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚዘረጋውን አግዳሚ የሚተው አለ፤ ይህን ቁጠባ አንደግፍም።

ሁለት ወራጆች አናት ላይ ተጋጥመው ሸክም ሲያርፍባቸው እግራቸው ወደ ውጭ ይሸሻል። ምሰሶ ባለው ጎጆ አናቱን ምሰሶው ስለሚደግፈው ግፊቱ ይቀንሳል፤ ምሰሶ በሌለው ባለ ቆርቆሮ ቤት ግን ሁለቱን እግሮች ስቦ የሚይዘው አግዳሚው ነው። እርሱ ከሌለ ግፊቱ በግድግዳው ላይ ይወድቃል፤ ጭቃውም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሦስቱን እንጨቶች መሬት ላይ በአንድ ልክ አጋጥሞ ማውጣት ይሻላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሚስማሩ ይላላልና መጋጠሚያውን በሽቦ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ቀላል ስለ ሆነም ነፋስ ሊያነሣው ይችላል፤ አግዳሚውን ከቋሚው ጋር ማሰር የቆርቆሮ ሚስማር ከማብዛት ይቀድማል።