ከአሥር ሰባት

እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች፣ በ15 ቦታዎች ከ24,000 በላይ ሴቶችን ያነጋገረበትን ጥናት ይፋ አደረገ። ባልሽ ወይም የፍቅር ጓደኛሽ መትቶሽ ያውቃል? አስገድዶሽ ያውቃል? በጃፓኗ ዮኮሃማ አንዱ ወይም ሁለቱም የደረሰባቸው ከመቶ 15 ነበሩ። በእኛዋ ቡታጅራና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ደግሞ ከመቶ 71። በ15ቱ ቦታዎች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ቁጥር አልተመዘገበም።

በገበያ ቀን ከፊታችን የሚመጡ አሥር ባለትዳር ሴቶችን ብንቆጥር፣ ሰባቱ ማለት ነው። ነገሩ ያለፈ ታሪክም አልነበረም፤ በቡታጅራ ከተጠየቁት ከመቶ 54ቱ ጥቃቱ የደረሰባቸው ከመጠየቃቸው በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ነው።

አጠያየቁም ቁጥሩን ያህል ያስደነግጣል። ጠያቂዎቹ ሴቶች ናቸው። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሁለት ቢጠየቁ ወሬው ከባል ጆሮ ሊደርስ ይችላል። ለቤተሰቡ የሚነገረው ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤናና ኑሮ መሆኑ ነው። በመሃል ሰው ብቅ ካለ፣ ልጅም ቢሆን፣ ጠያቂዋ ጨዋታውን ወደ ሌላ ታዞራለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሴትየዋ ስለ ዱላው በመናገሯ ሌላ ዱላ እንዳይከተላት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 66ቱ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ጎረቤት ለጎረቤት የማይደባበቅበት አገር ነው እኮ! ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ ጉዳይ የለም፤ የልጅ ሕመም፣ የዘይት ዋጋ፣ የአማት ነገር። ይህ ግን አይነሳም። ያ ቡና አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ በዚያችው ሰዓት በዓለም ላይ ስድስት ያህል ሴቶች በባላቸው፣ በፍቅረኛቸው ወይም በገዛ ቤተሰባቸው ይገደላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. ለ2023 ብቻ 51,100 ነው፤ በየአሥር ደቂቃው አንዲት ማለት ነው።

ዝምታው ከየት መጣ? በዚሁ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዙር፣ ወጥ ቢያርባት፣ ሳትነግረው ብትወጣ ወይም ብትከራከረው ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ያሉት ከመቶ 85 ሴቶች ነበሩ፤ ከቀረቡላቸው ምክንያቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 63 ወረደ። በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 ብቻ ናቸው። ዱላው የሚያርፍባት ከሚሰነዝረው ይልቅ ዱላውን ታጸድቃለች! «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» ሲባል እየሰማች ላደገች ሴት ይህን መልስ ማን እንዳስተማራት ግልጽ ነው፤ አልፈርድባትም። ደግሞም በ16 ዓመት 22 ነጥብ ወርዷል። የማይነቃነቅ የሚመስለው ነገር ተነቃንቋል።

ሕጉም ተነቃንቋል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ሚስትን መደብደብንም ወንጀል አድርጓል። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ግን ከጋብቻ ውጪ የተፈጸመውን ብቻ ነው የሚቀጣው። በቡታጅራ ደግሞ ከመቶ 59 የሚሆኑት ሴቶች በባላቸው ወይም በፍቅር ጓደኛቸው ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ባል የፈጸመባቸውን ይህ አንቀጽ አያያቸውም። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ገደብ ከአንቀጹ ያንሡልን።