ቤት፣ ጎርፍና መድን በምሥራቅ ጎጃም

ከጮቄ ተራራ የሚነሡት እነ ሙጋ፣ እነ ሱሃና እነ ጨሞጋ በበጋ ወራት ሕፃን በእግሩ የሚሻገራቸው ጅረቶች ሆነው ስለሚታዩ፣ አገሩን በጥርና በየካቲት ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያወርዱትን የውኃ ብዛት፣ ከውኃውም ጋር አብሮ የሚወርደውን አፈር፣ አጥርና አዝመራ ቢነግሩት እንኳ ለማመን ይቸገራል። የየጥኖራ፣ የቢቸናና የሞጣ ሰው ግን ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ ዝናመ ምሕረት የሚለምንበት ምሕላ ሳያቋርጥ፣ ደመናው ከጮቄ ራስ ላይ ሲጠቁር ልቡ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ በአንድ ወገን ጤፉንና ስንዴውን፣ በሌላው ወገን ቤቱን ያስባል።

አገሩ የዋልካ አገር ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን የሚገመተው ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፣ ለጤፍና ለስንዴ ባለውለታ የመሆኑን ያህል ለቤት መሠረት ጠላት ነው፤ ግድግዳው ክረምት በበጋ በዚህ እብጠትና ስንጥቅ ሲላላ ከርሞ፣ ጎርፍ የመጣ ዕለት የሚወድቀው አስቀድሞ ስለ ተዳከመ ነው። ገበሬው በማሳው ላይ የሚተኛውን ውኃ ለማስወገድ በማረሻ እያጋደለ የሚያወጣው ፈሰስ የቆየና የተፈተነ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ማሳ ፈሰስ ለባለቤቱ መድኃኒት ሲሆን፣ የላይኞቹ ሁሉ ፈሰስ በአንድነት ተሰብስቦ ወደ ታችኛው ሰው ሲወርድ መሬቱን እየሰረሰረ ቦረቦር ያወጣል፣ ቦረቦሩም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ እስከ ደጃፍ ይደርሳል። በከተማም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ከተተካ፣ ሜዳውም በቤትና በመንገድ ከተሸፈነ ወዲህ፣ ቀድሞ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናም በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይሮጣል፣ ቦዩ በአፈርና በቆሻሻ የተደፈነ እንደ ሆነም በዝቅተኛው ቤት ደጅ ይገባል።

ውኃው የሚያገኘውን እንመልከት። በነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚበዛው ቤት በእንጨትና በማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ግድግዳ ውኃ ለሰዓታት ከተኛበት ከሥሩ ይሟሟል፤ በውስጡም የዓመት ቀለብ የተከተተበት ጎታ አለ፣ እርሱም ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነውና ከእህሉ ጋር ይጠፋል። ባለ ቤቱ ሁሉን ያጣል ቢባል ተከራዩ ምንም አያጣም ማለት አይደለም። ከገጠር ለትምህርት መጥቶ አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ ወላጆቹ የላኩለት ስንቅ፣ መጽሐፉና አልጋው፣ ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ መምህርም ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው የቤት ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ይበላሻል፤ አከራዩ ግድግዳውን መልሶ ቢያቆም እንኳ ለዚያ ለጠፋው ንብረት የሚከፍል አይገኝም።

እንግዲህ ሕዝባችን በመከራ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ያቋቋማቸው ኅብረቶች አሉት፤ እድሩ ቀብርን ያስፈጽማል፣ ማኅበሩና ሰንበቴው የተቸገረውን ያጽናናል፣ ደቦና ወንፈል የወደቀውን ቤት መልሶ ያቆማል። እነዚህን የሚያቃልል ሰው የአገሩን ሀብት አያውቅም። ሆኖም በእነርሱ ውስጥ ያለውን የኃይል ወሰን ሳንፈራ መናገር ይገባናል፦ እድሩ የሚሰበሰበው ከአንድ መንደር ነው፣ ጎርፉም የሚመጣው በአንድ መንደር ላይ ነው። ሞት በየቤቱ ተራ በተራ ስለሚገባ አርባው ቤት ለአንዱ ሐዘንተኛ ማዋጣት ይችላል፤ ውኃ ግን አርባውን ቤት በአንድ ሌሊት ሲያገኘው አዋጪውም ተቀባዩም አንድ ሰው ይሆናል፣ ደቦ የሚወጣውም ጎረቤት የራሱን ግድግዳ ሲያቆም ይውላል።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ምስክር ነው። ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በነሐሴም የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው አጠፋ፤ በዚያው ክረምት በክልላችን ርብና ጉማራ ከአፋፋቸው ወጥተው፣ ጣናም ሞልቶ፣ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ሸፈኑት። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የአካባቢው ኅብረት የሚችለው ለሟች ማልቀስና መቅበር ብቻ ነበር፤ የተረፈው ሰው ቤቱን የሚሠራበትን ገንዘብ ከሩቅ መጠበቅ ግድ ሆነበት፣ እርሱም የመጣው በርዳታ ስም ነው፤ ርዳታ ደግሞ እንደ ሰጪው ፈቃድና ዐቅም የሚመጣ እንጂ ተቀባዩ በመብቱ የሚጠይቀው አይደለም።

መድን የሚለየው በዚህ ነው። የሞጣ ሰውና የጅማ ሰው፣ የቢቸና ባለ ቤትና የአዳማ ነጋዴ በአንድ ሌሊት በአንድ ጎርፍ አይመቱም፤ ስለዚህ ሁሉም በየዓመቱ ጥቂት ዐረቦን በአንድ ሣጥን ቢያኖሩ፣ የተመታው ወገን ካልተመታው ገንዘብ በውል፣ በመብትና ያለ ልመና ይካሳል። ሥራው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ መድን ሰጪዎች ወኪል ነበረ፣ የንግድ ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ለመድን ውል ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው፣ በመንግሥት የተወረሱት የግል ኩባንያዎች በ1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለሉ፣ ከ1986 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህም ለግል ኩባንያዎች በሩ ዳግመኛ ተከፍቶ ዛሬ ቁጥራቸው ከአሥራ አምስት በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ብዙ ሰው መድንን የሚያውቀው ሕግ ስለሚያስገድደው በመኪናው ብቻ ነው፤ ለመኪናው መድን ገብቶ ልጆቹ የሚያድሩበትን ቤት ያለ ውል የሚተው ሰው አሳቡን ቢመረምር መልካም ነው።

የቤት መድን ሲባል መነሻው የእሳትና የመብረቅ ውል ሲሆን፣ ጎርፍና ማዕበል በተጨማሪ አንቀጽ የሚገቡ አደጋዎች ናቸው፤ ስለዚህ የውሉን ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ለጎርፍ ተዋውያለሁ ብሎ እንዳይተኛ፣ ቃሉ በውሉ ውስጥ ተጽፎ እንደ ሆነ በዐይኑ ይይ። ቤቱን በባንክ ብድር የሠራ ሰው ባንኩ ያስገባውን መድን እንደ ራሱ መድን መቁጠር የለበትም፤ የዚያ ውል ቀዳሚ ተጠቃሚ ባንኩ ነው። የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 678 እንዳስቀመጠው፣ በንብረት ላይ የሚደረግ መድን የካሳ ውል እንጂ ማትረፊያ አይደለምና፣ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፤ በሌላው ወገን ደግሞ ከዓመታት በፊት በተጻፈ አነስተኛ ዋጋ ላይ ረግቶ የቀረ ውል፣ ቆርቆሮና እንጨት እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ ግማሹን ጉዳት እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ቤቱ በወንዝ ዳር መሆኑን ወይም ቀድሞ በጎርፍ መጎዳቱን የሸሸገ ሰው ውሉን በገዛ እጁ ያፈርሳል። ተከራዩም አከራዩ መድን አለው ብሎ አይታለል፤ የአከራዩ ውል የሚጠብቀው ግድግዳውንና ክዳኑን ነው፣ የተከራዩ ዕቃ የራሱን ውል ይሻል።

በውጭው ዓለምም ይህ ጉዳይ ለባለ ቤቱና ለኩባንያው ብቻ አልተተወም። በአሜሪካ ተራው የቤት መድን ጎርፍን ስለማይሸፍን፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ራሱን የቻለ የጎርፍ መድን መርሐ ግብር አቋቋመ፣ ተከራዮችም ለዕቃቸው ብቻ ይገቡበታል። የፈረንሳይ መንገድ ግን ይበልጥ ያስደስተኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ የንብረት መድን ውል የተፈጥሮ አደጋን ጨምሮ እንዲይዝ፣ ተጨማሪው ዐረቦንም በኮረብታ ላይ ላለውና በወንዝ ዳር ላለው በአንድ መጠን እንዲሆን ተደረገ።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች መድን መግባት በፈጣሪ አለመታመን ነው ሲሉ ይሰማሉ። ኖኅ ግን ማየ አይኅ ከመምጣቱ በፊት መርከቡን የሠራው በእምነቱ እንጂ በክሕደቱ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የገንዘብ ነው፤ በጭቃ ቤት የሚኖር ገበሬ በከተማ ቢሮ ለተጻፈ ውል ዐረቦን ከየት ያመጣል? ለዚህ መንገዱ በክልላችን ተጀምሯል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ያችው ጎርፍ የሚያውካት ፎገራ ነበረች፤ ዛሬ በገጠር ያለ አባወራ የዓመት መዋጮውን በቀበሌው በኩል ከፍሎ መታወቂያውን ይይዛል። በትግራይ አዲ ሐ በ2001 ዓ.ም. ሁለት መቶ አባወራዎች ለድርቅ መድን ሲገቡ፣ ገንዘብ ያልነበራቸው ዐረቦኑን በጉልበት ሥራ ከፍለዋል። በቢቸናና በሞጣም እድሮች በቡድን ተዋውለው፣ ዐረቦኑም አዝመራ ተሰብስቦ እጅ በሚሞላበት በጥር ከጤና መድኑ ጋር ቢሰበሰብ፣ ጉልበት ብቻ ያለውም ቦረቦር በመድፈንና ቦይ በመጥረግ ድርሻውን ቢያወጣ፣ ዋጋው ይቀላል፣ አደጋውም ከምንጩ ይቀንሳል። ነገር ግን በደርግ ዘመን ስሙ በአገር የተሰማ የአምራቾች ማኅበር የነበረባት የጥኖራ፣ ያ ማኅበር ከየካቲት 1982 ዓ.ም. የድብልቅ ኢኮኖሚ መመሪያ በኋላ እንዴት እንደ ፈረሰ ታስታውሳለችና፣ ሕዝቡ መዋጮውን ወዶ እንጂ ተገድዶ መስጠት የለበትም፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በእድሩ ጉባኤ ፊት በአማርኛ እየተነበበ፣ ካሳ ተከልክሎ የቀረበት ሰውም በወረዳው ከተማ አቤት የሚልበት ቦታ ተለይቶ ሊታወቅለት ይገባል።